ፌስታሉ፣ ፉሉና መንጋጋው፦ ከድሬዳዋ በተነሣ ጥያቄ ላይ የተሰጡ 22 ምላሾች

ይህን በኢንተርኔት ላይ የተካሄደ የውይይት ክር የከፈተው በድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ነዋሪ መሆኑን የገለጸ ሰው ሲሆን፣ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ ገመድ አስሮ ነው የመጣው። ግራ ጆሮው ሥር ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ አፉን ሲከፍት ቀጭ እንደሚልና ጠዋት ጠዋት እንደሚያመው፣ የጥርስ ሐኪም ቆሎና ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ትቶ ለስላሳ ምግብ እንዲበላ እንደመከረው፣ እሱም ቁርሱን ከሰፈሩ ፉል ቤት በፌስታል ታስሮ የሚመጣለት ትኩስ ፉል፣ ምሳና ራቱን ደግሞ ነጭ ሩዝና መኮሮኒ አድርጎ እንደቆየ ጽፏል። ቆየት ብሎ ስለ ፕላስቲክ ጉዳት አንድ ጽሑፍ ሲያነብ ፉሉን ከነፌስታሉ ትቶ በሻይ የራሰ ነጭ ዳቦ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ሆዱ ደርቋል፣ መንጋጋውም አልተሻለውም።

ያቀረበው መላምት እንዲህ ነው። ቢስፌኖል ኤ የሚባለው የፕላስቲክ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ ኤስትሮጅንን እየመሰለ ይሠራል፤ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ እንግዲያው ኬሚካሉ ከፌስታሉ ወደ ፉሉ፣ ከፉሉም ወደ መንጋጋው ደርሷል ማለት ነው። የሆድ ድርቀቱንም ያመጣው በአንጀቱ ውስጥ የቀረ ፕላስቲክ እንደሆነ ጠርጥሮ፣ የሚያውቅ እንዲያስረዳው በትሕትና ጠይቆ ጽሑፉን ዘግቷል። የመላምቱ ሰንሰለት ካሉት ቀለበቶች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለየብቻ ላያቸው ሰው ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በእኔ ግምት ክሩን እስከ መጨረሻው አንባቢ ያላሳጣውም ይኸው ነው።

1ኛው ምላሽ ከሌላው የድሬዳዋ ሰፈር ከሳቢያን የምትጽፍ ሴት የሰጠችው ሲሆን፣ ምሕረትን ከመመኘትና ወደ ፉል ቤቱ የራሱን የምሳ ዕቃ ይዞ እንዲሄድ ከመምከር በቀር ወደ ክርክሩ አልገባችም። ክርክሩን የጀመረችው በ2ኛው ምላሽ የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት ናት። መምህርቷ እንዳስረዳችው ፌስታል የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው፤ ፖሊኢትሊን ደግሞ ሲመረት ቢስፌኖል ኤ አያስፈልገውም። ይህ ኬሚካል የሚገኘው ፖሊካርቦኔት በሚባለው ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ውስጥና የቆርቆሮ ጣሳዎችን ከውስጥ በሚለብጠው ኢፖክሲ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠያቂው በቢስፌኖል ኤ የሚሰጋ ከሆነ መጠርጠር የሚገባው ከሰፈሩ ድስት የሚቀዳውን ሳይሆን በጣሳ ታሽጎ ከውጭ የሚገባውን ፉል እንደሆነ አሳሰበች። ፌስታል ከደሙ ንጹሕ ነው ማለቷ እንዳልሆነ ግን አበክራ ተናግራለች፤ ማለስለሻው፣ ማቅለሚያውና እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ሌላው ቅመም ሁሉ የራሱ ጥያቄ አለው።

3ኛው ምላሽ የመምህርቷን እርማት ተቀብሎ የቢስፌኖልን ጉዳይ አሰፋው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ሰው በቀን ቢወስደው አይጎዳውም ብሎ በጊዜያዊነት ያስቀመጠው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 4 ማይክሮግራም፣ ማለትም 4,000 ናኖግራም ነበር፤ በ2023 ግን ወደ 0.2 ናኖግራም አወረደው፤ ይህም የቀድሞው 20,000ኛ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 መጨረሻ ኬሚካሉ ምግብ በሚነኩ ዕቃዎች ላይ እንዳይውል የሚከለክል ደንብ አወጣ።

እዚህ ላይ የክሩ መልክ ተለወጠ። 4ኛው መላሽ ይህ የጠገበ አገር ጭንቀት እንደሆነ፣ የጀርመን ፌዴራል የስጋት ምዘና ተቋም ራሱ የአውሮፓውን ስሌት ሳይቀበል 200 ናኖግራም ብሎ እንደቆረጠ፣ ሁለት የሳይንስ ተቋማት በ1,000 እጥፍ ሲለያዩ ደግሞ ምእመኑ ማንን እንደሚያምን እንደማያውቅ በስላቅ ጻፈ። የ3ኛው ጸሐፊ በ5ኛው ምላሽ ተመልሶ ቁጥሩን በቁጥር መለሰለት፤ 200 ናኖግራምም ቢሆን ከቀድሞው 4,000 ናኖግራም 20 ጊዜ ያንሳል፤ ሁለቱ ተቋማት የተጣሉት ምን ያህል ዝቅ ይበል በሚለው ላይ እንጂ ዝቅ ይበል ወይስ አይበል በሚለው ላይ አይደለም። ስለ ጠገበ አገር የተባለውን ግን ሳይነካ አለፈው፤ ባይነካው ደግ አደረገ።

ሁሉም ዳር ዳር ሲል የቆየበትን ጥያቄ ያነሣው 6ኛው መላሽ ነው። ከሐረር ሸዋ በር የሚጽፈው ይህ ሰው ጠያቂውን አንተ እያለ፣ ሳያሽሞነሙን፣ ይቅም እንደሆነና የሚቅመው በየትኛው ጉንጩ እንደሆነ ጠየቀው። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ አንድ አንባቢ በ7ኛው ምላሽ በማያውቁት ሰው ላይ እንዲህ መዳፈር ነውር ነው ብሎ ቅር መሰኘቱን ገለጸ፤ የምሥራቅ ሰው ለአባቱም አንተ እንደሚል ማንም ሊያስረዳው አልደከመም። ጠያቂው በ8ኛው ምላሽ ትንሽ ቆጣ ብሎ፣ ዐርብና እሑድ በርጫ፣ ማለትም ጫት መቃሚያ ላይ፣ እንደሚቀመጥና ጫቱን በግራ በኩል እንደሚይዝ አመነ፤ ነገር ግን ወንድሞቹ ሁሉ እንደሚቅሙና አንዳቸውም መንጋጋቸውን እንደማያማቸው አክሎ ጥያቄው ስለ ፌስታል እንጂ ስለ ጫት እንዳልሆነ አሳሰበ።

የክሩ ረጅምና በእኔ ግምት ምርጥ የሆነው ምላሽ 9ኛው ነው፤ ጸሐፊው የጥርስ ሐኪም ነው። መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ በመካከሉ ለስላሳ ዲስክ እንዳለው፣ ዲስኩ ከቦታው ሸርተት ብሎ ሲመለስ ያ ቀጭታ እንደሚሰማ፣ ሕመም የሌለው ቀጭታም በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ስለሚገኝ ሕክምና እንደማያሻው አስረዳ። የጠዋት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማኘኪያ ጡንቻዎች ድካምና በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ከማፋጨት ጋር ይያያዛል። በሴቶች ላይ መብዛቱ እውነት ነው፣ ኤስትሮጅንም የተመራመሩበት ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ቅጠል የያዘ ሰው ሕመሙ በዚያው ጎን ሲወጣ ወደ ሆርሞን ከመሄድ በፊት ወደ ጡንቻው መመልከት እንደሚገባ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1987 በየመን ቃሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ ጫቱን በሚይዙበት ቦታ የአፋቸው ውስጥ ቆዳ ነጥቶና ጠንክሮ እንደተገኘ መመዝገቡን ጠቅሶ፣ ጠያቂው በመስተዋት ጉንጩን ውስጥ እንዲያይና ነጭ ጠባሳ ካገኘ እንዲመረመር መከረው። ወንድሞቹ አለመታመማቸውን በሚመለከት፣ አንድ ጫና በሁሉም ሰው ላይ እኩል ሕመም እንደማያመጣ በሁለት መስመር መልሷል።

ስለ ሕክምናውም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የመንጋጋ ሕመም በቅድሚያ የሚመክረው በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ እንቅስቃሴን፣ የጡንቻ ማሸትን፣ የሥነ ልቦና ሕክምናንና ራስን የመንከባከብ ትምህርትን ነው፤ የማይመለስ ለውጥ የሚያመጡ፣ በጥርስ ላይ የሚጠለቁ መደገፊያዎችንና ዲስክ የማውጣት ቀዶ ሕክምናን ደግሞ ይቃወማል። ሐኪሙ ይህን ጥንቃቄ ያመጣው ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ለዚህ ክር የታዘዘ የሚመስል ታሪክ አነሣ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ለብዙ ሕሙማን በዲስኩ ምትክ ቴፍሎን ያለበት ሰው ሠራሽ ቁስ ተተከለላቸው። ቴፍሎን በመጥበሻ ላይ ከምግብ ጋር የማይጣበቅና በቀላሉ ከሌላ ነገር ጋር የማይዋሐድ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም፤ በመገጣጠሚያው ውስጥ ግን የማኘክ ጫና ፈጭቶ አደቀቀው፤ ቅንጣቶቹ የቀሰቀሱት የሰውነት ቁጣም በአንዳንዶቹ ላይ አጥንት እስከ መብላት ደረሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አስጠንቅቆ ከአገልግሎት አስወጣው። አንድ ቁስ ደኅና ነው የሚባለው ለየትኛው አገልግሎት፣ በምን ሙቀትና በምን ጫና እንደሆነ ሳይነገር ከሆነ አባባሉ ትርጉም የለውም የሚለው የሐኪሙ ነጥብ በኋላ ወደ ፌስታሉ ሲመለሱ ጠቀማቸው።

10ኛውና 11ኛው ምላሾች ከመንገድ ወጡ፤ ቢወጡም አልከፋኝም። አንዱ በሐረር ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌዎች ጫቱን በትንሽ ሙቀጫ አስወቅጠው እንደሚወስዱና መንጋጋቸውን አሟቸው እንደማያውቅ እያሾፈ ጻፈ። ሌላው ደግሞ አክስቱ ሲያዛጉ መንጋጋቸው ወልቆ አፋቸው ተከፍቶ እንደቀረና አንድ ወጌሻ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ተጭኖ እንደመለሰላቸው ተረከ። በ12ኛው ምላሽ የመጣች ነርስ ግን ቀልዱን በአንድ ጊዜ አቆመችው፤ የወለቀ መንጋጋና አልከፈት ያለ መንጋጋ ለየቅል ናቸው፤ ቁስል ያለበት ሰው መንጋጋው ግጥም ብሎ ቢቆለፍ ቴታነስ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻም ማሸትም ሳይፈለግ በቀጥታ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

13ኛው ምላሽ ከአወዳይ መጣ፤ እሳት ጎርሶ ነው የመጣው። ጸሐፊው የገበሬ ልጅ እንደሆነ፣ ቤተሰቡን ያስተማረው ጫት እንደሆነ፣ በምሥራቅ አንድ ሰው ታመመ በተባለ ቁጥር ጣት ወደ ጫት መቀሰሩ እንዳንገሸገሸው ገለጸ። ቀድሞ ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ርጥበቱን ጠብቆ ይጓዝ እንደነበር፣ ነጋዴው ለርካሽነቱ ሲል ፌስታል እንዳስገባ፣ ጥፋት ካለም የነጋዴው እንደሆነ ተከራከረ። 6ኛው መላሽ በ14ኛው ተመልሶ በጫት ላይ የተደረጉ የቤተ ሙከራ ጥናቶች በአገራችን ምርት ላይ ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ ቅሪት ማግኘታቸውን አስታውሶ፣ ያንን የረጨው ነጋዴው ይሁን ገበሬው እንዲነግረው ጠየቀ። ቀጥሎ የተባባሉት ሊደገም የሚገባው አይደለም፤ ሁለቱም አንድ እውነት ይዘው ነበር፣ ሁለቱም የያዙት እውነት ከጠያቂው መንጋጋ ጋር የሚገናኝ አልነበረም።

ክሩን ወደ ሆዱ የመለሰው 15ኛው ምላሽ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያ የሆነችው ጸሐፊ ከዚያ በፊት የነበሩት ምላሾች ሁሉ የዘለሉትን አንድ ነገር አየች፤ ጠያቂው ፌስታሉን ሲፈራ የጣለው ፉሉን ነው። አሰር፣ በተለምዶ ፋይበር የምንለው፣ በ100 ግራም የበሰለ ባቄላ ውስጥ 5.4 ግራም ያህል ይገኛል፤ በዚያው መጠን ባለ የበሰለ ነጭ ሩዝ ውስጥ ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ጥሩ የፉል ቁርስ ሩብ ኪሎ ቢመዝን ብቻውን 13 ግራም ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ስለሚመክር ግማሹ ከረፋዱ በፊት ተገኘ ማለት ነው። ጠያቂው ይህን በሻይ በራሰ ነጭ ዳቦ ተክቶ ሆዴ ደረቀ ቢል የሚያስገርም ነገር የለውም፤ በአንጀቱ ውስጥ ፕላስቲክ መፈለግም አያሻም። ጫቱም ያግዘዋል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በውስጡ ያለው ታኒንም ሆድ ያደርቃል።

ባለሙያዋ አሰርንና ጥንካሬን ሰዎች አንድ አድርገው እንደሚያዩ አጥብቃ ተናግራለች። ለስላሳ ምግብ ብላ የተባለ ሕመምተኛ አሰር የሌለውን ምግብ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ታሸገ ጭማቂና ወደ ብስኩት ይሄዳል። አሰር ግን ጥርስ የሚፈትን ነገር መሆን የለበትም። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ የማሽላ ወይም የገብስ ገንፎ፣ የአጃ ሾርባ፣ የበሰለ ፓፓያ፣ ተልባ፣ በሐረር ቤቶች የሚታወቀው የአብሽ መረቅ፣ ሁሉም ያለ ብዙ ማኘክ ይዋጣሉ። በድንገት ሳይሆን ቀስ እያሉ መጨመርና በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ማብዛት እንደሚገባም አክላለች። ለማስረጃ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት የወጣውን፣ 185 የረጅም ጊዜ ክትትሎችንና 58 የሕክምና ሙከራዎችን ያጠቃለለውን ጥናት ነው፤ በዚያ መሠረት ብዙ አሰር የሚመገቡ ሰዎች ትንሽ ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የአየርላንዱ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ሠርቶ ይህን ሐሳብ በ1970ዎቹ ለዓለም ማስተዋወቁንም ሳታነሣ አላለፈችም።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ላስገባ። በክሩ ከተነሡት ሦስት ጉዳዮች ማስረጃው የጠነከረው የአሰሩ ነው፤ በእሱ ላይ ማንም አልተከራከረም፣ ማንምም በጉጉት አልጻፈበትም። ከሁሉ የሳሳው ማስረጃ የመንጋጋው ነው፤ በእሱ ላይ ደግሞ ሁሉም እርግጠኛ ነበር። ሰው ለሚያውቀው ሕመም ምክንያት ሲያጣ የሚቸኩለው ቀድሞ በሚጠላው ነገር ላይ ለመፍረድ ይመስለኛል፤ ጫትን የሚጠላው በጫት፣ ፕላስቲክን የሚጠላው በፕላስቲክ ፈረደ።

16ኛው ምላሽ ለስላሳ ምግብ መንጋጋን ያሰንፋል የሚል ነበር። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በሽኮኮዎች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሙከራ ጠቀሰ፤ የበሰለና የለሰለሰ ምግብ ያደጉበት ሽኮኮዎች ጥሬና ደረቅ ከተመገቡት ይልቅ የፊታቸው የታችኛው ክፍል እድገት በ10 በመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ጠያቂው ወደ ቆሎው ይመለስ። የጥርስ ሐኪሙ በ17ኛው ምላሽ የሽኮኮዎቹን ጥናት እንደሚያደንቅ፣ ሆኖም የተጠኑት በማደግ ላይ የነበሩ ግልገሎች እንጂ የታመመ መገጣጠሚያ ያለው ጎልማሳ እንዳልሆኑ በትዕግሥት ጻፈ። ቆሎ ለልጆች ይሰጥ፤ ለጠያቂው ሕመሙ እስኪበርድ ይቆየው።

ወደ ፌስታሉ የመለሰን 18ኛው መላሽ በማሸጊያ ፍተሻ ቤተ ሙከራ የሠራ ሰው ነው፤ አጻጻፉ ደረቅ ቢሆንም እያንዳንዱ መስመሩ ፍሬ ነበረው። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ከአንድ ፕላስቲክ ወደ ምግብ የሚያልፈው ነገር ሁሉ ተደምሮ በአንድ ኪሎ ምግብ ከ60 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ፍተሻው ግን እንደ አገልግሎቱ ይለያያል፤ በክፍል ሙቀት ምግብ ለሚይዝ ዕቃ 10 ቀን በ40 ዲግሪ፣ ትኩስ ለሚቀዳበት 2 ሰዓት በ70 ዲግሪ፣ ከዚያ ለበለጠ ሙቀት 1 ሰዓት በ100 ዲግሪ። ለሽንኩርትና ለቲማቲም መያዣነት የተሠራ ስስ ፌስታል ከድስት የወጣ፣ ዘይት የፈሰሰበት ፉል ሲገባበት ከየትኛውም ፍተሻ ውጭ ነው፤ ሙቀት፣ ቅባትና ጊዜ ሦስቱም በአንድ ላይ ሲገናኙ የሚያልፈው ነገር ይጨምራል። ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ የሚወሰነው ፌስታሉ ከምን እንደተሠራ ሲታወቅ ነው፤ ዳግም ከተፈጨ ፕላስቲክ የተሠራው ጥቁር ፌስታል ደግሞ ከምን እንደመጣ ሠሪውም አያውቀውም።

ጥቁር የሚለውን ቃል ያየ ሌላ ሰው በ19ኛው ምላሽ ከ2024 ወዲህ ዓለምን የዞረውን የጥቁር ማማሰያዎች ጥናት አመጣ፤ ከአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የመጣ እሳት መከላከያ ኬሚካል በወጥ ቤት ዕቃዎች ውስጥ ተገኝቷል፣ መጠኑም ለአደገኛው ወሰን ሊደርስ ምንም አልቀረውም ብሎ አስጠነቀቀ። መምህርቷ በ20ኛው ምላሽ ተመልሳ እርማቱ ከዜናው እኩል አለመሰማቱን በቁጭት ገለጸች። አጥኚዎቹ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሚፈቀደውን የቀን መጠን ሲያሰሉ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት የተቀመጠውን 7,000 ናኖግራም በ60 አባዝተው 42,000 ናኖግራም ጻፉ፤ ትክክለኛው ብዜት 420,000 ነው። የገመቱት የቀን መጠን 34,700 ስለነበር፣ ከወሰኑ አጠገብ የደረሰ የመሰለው ነገር ከወሰኑ አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። ኬሚካሉ እዚያ መገኘት አልነበረበትም የሚለው ነጥብ ግን እርማቱ አልሻረውም፤ መምህርቷም ይህን ሳትደብቅ ጽፋለች።

እስከዚህ ድረስ ስለ ፉል ሲያወሩ የቆዩት ሁሉ በሊታዎች ነበሩ። 21ኛው ምላሽ ከሻጭ መጣ፤ በድሬዳዋ ታይዋን አካባቢ ፉል የምትሸጥ እናት ናት። ባቄላው ሌሊቱን በከሰል ላይ ሲንተከተክ እንደሚያድር፣ ንጋት ላይ በጭልፋ ወደ ፌስታል ስትጨልፈው ፌስታሉ በእንፋሎት እንደሚነፋ፣ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጥራ በሌላ ፌስታል እንደምትደርበው፣ ያደረው ፌስታል ሲታይ የዘይቱ ቢጫ ቀለም ታጥቦ የማይለቅ ሆኖ እንደሚቀር ገለጸች። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀውን የፌስታል ክልከላ ሰምታለች፤ ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣም ታውቃለች። ይሁን እንጂ ደንበኛው ባዶ እጁን እየመጣ ነው። በጋዜጣ እንዳትጠቀልል የሕትመት ቀለሙ ይፈራል፣ ለዚያውም ፉል በወረቀት አይያዝም። ፉሉን አቀዝቅዛ ብትቀዳው ይሻል እንደሆነ ጠየቀች፤ በክሩ ውስጥ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ነው ተግባር የሚጠይቀው።

22ኛውና የመጨረሻው ምላሽ የነርሷ ነው። አቀዝቅዞ መቅዳት ፕላስቲኩን ይጠቅማል፣ ሆድን ግን ይጎዳል አለች፤ የበሰለ ምግብ ትኩስ ሆኖ እስኪቀርብ ከ60 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት፣ ከ2 ሰዓት በላይም ውጭ መቀመጥ የለበትም፤ በድሬዳዋ አየር ለብ ብሎ የተቀመጠ ባቄላ ተህዋስያን የሚራቡበት ነው፣ በፌስታል ሳቢያ በዓመታት ውስጥ ይመጣል የተባለውን ጉዳት ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ሰው ይጥላል። ስለዚህ ድስቱ ከእሳት አይውረድ፣ የሚለወጠው መቀበያው ይሁን። ክዳን ያላቸው ጥቂት የማይዝግ ብረት ዕቃዎች ገዝታ ለቋሚ ደንበኞች በመያዣ ገንዘብ እንድትሰጥ፣ የራሱን የምሳ ዕቃ ለሚያመጣ ደግሞ የፌስታሉን ዋጋ እንድትቀንስለት መክራ፣ ዕቃው ሲመለስ በፈላ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ዳግም እንዳይቀዳበት አሳስባለች።